የአባቴ ቋጠሮ

የአባቴ ቋጠሮ ጂንካ ገበያ መሀል እንዴት እንዳኮራኝ ልንገራችሁ። ኮረሪማ ጭኜ ወርጄ ፈረሴን ከዛፍ ጋር አሰርኩት። አባቴ ያስተማረኝ ቋጠሮ ፈረስ ሲጎትተው ይጠብቃል፤ ሰው ጫፉን ሳብ ሲያደርገው ግን ወዲያው ይፈታል። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ እዚያው ዛፍ ላይ የራሱን ፈረስ ገመዱን እየደራረበ ሲያስር የእኔን አየና ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ የጫማ ክር ነው እንዴ? ፈረስሽ ካንቺ ቀድሞ ቤት ይገባል!» አለኝ።

ብዙም ሳንቆይ አጠገባችን የአይሱዙ ጎማ ፈነዳ። ሁለቱም ፈረሶች በርግገው ገመዳቸውን ወደ ኋላ ጎተቱ። እኔ ጫፉን ሳብ አድርጌ የእኔን ፈታሁና አንገቱን እያሻሸሁ አረጋጋሁት። የጋሽ ታደሰ ቋጠሮ ግን እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አልፈታ አለ፤ ፈረሱ ሊታነቅ ሆነ። «ቢላ! ቢላ አምጡ!» እያለ ጮኸ። ሙዝ ሻጯ ቢላዋን አቀበለችው። ገመዱን ሲቆርጠው ፈረሱ ሽቅብ ወደ ሰፈራችን ፈረጠጠ።

ገበያተኛው በሳቅ ሞተ። አባቴ ቢያየኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁና ፈረሴ ላይ ወጣሁ። «አይዞህ ጋሼ፣ ፈረስህ ቀድሞህ ቤት ገብቷል» አልኩት፤ «ደርሼ አስርልሃለሁ። በጫማ ክር ነው ታዲያ!»