ከካሴቱ የጠፋው የሙቀጫ ድምፅ

ከወይጦ ወደ ጂንካ ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተቀምጠው ነበር።

«ውጭ አገር ስድስት ወር ሙሉ ምን ስትሠራ ከረምክ?»

«የእርስዎን ካሴቶች ነዋ፣ እማማ! የድሮ ድምፅ የሚያስቀምጥ ዩኒቨርሲቲ በእንግዳ ተመራማሪነት ተቀብሎኝ፣ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው።»

«የባለቤቴ ድምፅ ተገኘ? ቴፓችን ተበላሽቶ፣ ከሞተ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።»

«ባለቤትዎ የአገር ሽማግሌዎችን ታሪክ ሲጠይቁ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። እንኩ፣ ይሄን ጆሮዎ ላይ ያድርጉት።»

እናትየው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«እሱ ነው! ራሱ ነው! እኔስ የታለሁ?»

«እርስዎም ነበሩበት እንዴ?»

«እሱ ሳሎን ሲቀዳ እኔ ጓሮ በርበሬ እየወቀጥኩ አስነጥሳለሁ። ‹ኧረ እየቀዳሁ ነው፣ ዝም በይ› ይለኛል። እኔ መች እሰማዋለሁ!»

«ውይ! ያ ሲደልቅ የነበረው እርስዎ ነዎት? ድምፁ እንዲጠራ ብዬ አጠፋሁት እኮ። ሦስት ሳምንት ነው የፈጀብኝ።»

«በሦስት ሳምንት? እሱ ሃያ ዓመት ለምኖኝ ያልሆነለትን?»

ሁለቱም ሳቁ።

«አይዞዎት፣ ዋናው ቅጂ አልተነካም። ያንን አመጣልዎታለሁ።»

«አምጣልኝ፣ ልጄ። በዚህኛው ቅጂ፣ ቤቱ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ነው የሚመስለው።»

የሚኒባሱ ጫጫታ ሰልችቶኝ ጆሮዬ ላይ ልሰካው ያወጣሁትን ኢርፎን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።