ጨለማው የተነሳበት ጴጥሮስ

መቱ ከተማ «ዲዛይነር» ለመባል ኮምፒውተር ማብራት ይበቃል። እትዬ አስካለ ለባለቤታቸው ለጋሼ ጴጥሮስ ሙት ዓመት ያሳተሙትን ሥዕል ሊረከቡ ማተሚያ ቤት ሲሄዱ አብሬያቸው ገባሁ። ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታውን ክዶ ሲያለቅስ የሚያሳይ የድሮ የአውሮፓ ሥዕል ነው፤ የመረጥኩላቸውም እኔ ነኝ። እትዬ እንዳዩት አማትበው ተሳለሙት። የተሳለሙት ግን ከጴጥሮስ ኋላ ቆሞ የሚስቀውን ወታደር ነው! «ኧረ እትዬ፣ እሱ እኮ ወታደሩ ነው!» ስላቸው፣ «ታዲያ ሁለት ዓይን ያለው እሱ አይደል?» አሉ ደንግጠው። እውነት አላቸው፤ ጴጥሮሱ የተሳለው በጎን ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ነው። በአውሮፓው ሥዕል ግን የሚለየው ብርሃን ነው፤ ከላይ ወርዶ የሚያለቅሰው ፊት ላይ ያርፋል፣ የሚስቀውን ጨለማ ይውጠዋል። ይሄ ዲዛይነር ተብዬ ጉድ ግን ሁሉንም እኩል አብርቶት ቁጭ!

«ጥላው ምን አደረገህ?» አልኩት። አሜሪካ ስለኖርኩ «ዲሲ» ነው የሚለኝ። «ዲሲ፣ ተወኝ ባክህ! ሲጨልም ሰው ቀለም አልቆበት ነው ይለኛል። ይልቅ አመስግነኝ፣ የተደበቀ ሰው አወጣሁላችሁ» አለ ደረቱን ነፍቶ። እትዬ ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ነገ ቤቴ የሚመጣው ሰው ሁሉ ለዚህ ሊሰግድ ነው? ጨለማውን መልስልኝ፣ ልጄ።» «አይመለስም እትዬ፣ በላዩ ሴቭ አድርጌዋለሁ።» ከጠረጴዛው ላይ መቀስ አነሱና ወታደሩን ከነሳቁ ቆርጠው አስጨበጡት። «እንካ፣ ያወጣኸውን ሰው።»