ከቤት ሁለት ጊዜ የሚወጡት ሰው

ዛሬ የምንሸኛቸውን ልብስ ሰፊ እኛ ቤተሰቦቻቸው «አባባ» ብንላቸውም፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው «ጋሽ ተመላሽ» በሚለው የቅጽል ስም ነውና፣ የሕይወታቸውን ታሪክ በዚሁ ስም ብናነብ ቅር እንደማይላቸው እናምናለን።

ጋሽ ተመላሽ ከአናጢ አባታቸውና ቤት ውስጥ ልብስ እየሰፉ ኑሮን ከሚደጉሙ እናታቸው ተወለዱ። እናታቸው አንድ እጃቸውን ስፌት መኪናው ላይ፣ ሌላውን የሕፃኑ ደረት ላይ አድርገው ያሳደጓቸው በመሆኑ፣ ጋሽ ተመላሽ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መሥራትን ከእርሳቸው ወርሰዋል፤ ልዩነቱ እናታቸው ሁለቱንም ይጨርሱ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው፣ መንገድ ላይ እያነበቡ የመሄድ ልማድ ስለነበራቸው፣ አንድ ቀን ዓይናቸውን ከመጽሐፉ ሳያነሡ ከክፍላቸው በላይ ባለው ክፍል ገብተው ተቀመጡ። አስተማሪው የጠየቋቸውንም በትክክል ስለመለሱ የሚያስወጣቸው አልተገኘም፤ እርሳቸውም አብረዋቸው የተማሩት ልጆች የማያውቋቸው መሆናቸውን ያስተዋሉት ወደ ቤት ሲሄዱ ነው።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በእናታቸው የስፌት መኪና ሱቅ ከፈቱ። እጃቸው የተዋጣለት፣ አፋቸው ግን «አይሆንም» ማለት የማይችል ነበርና፣ የአንዱን ኮት ቆርጠው ሳይጨርሱ የሌላውን ሱሪ ይተኩሳሉ፤ በዚያ ላይ ስልኩን በጆሯቸውና በትከሻቸው መካከል ሰክተው ያወራሉ። አንድ ጊዜ የደንበኛ ወገብ እየለኩ ሐዘን የደረሰበትን ወዳጃቸውን በስልክ ሲያጽናኑ፣ ለደንበኛው «እግዜር ያጽናህ»፣ ለሐዘንተኛው ደግሞ «ወገብህማ በጣም ሰፍቷል» ብለዋል። ሐዘንተኛው በዚያ ሰሞን ከልቡ የሳቀው በዚያች ቃል ብቻ እንደነበር ሲያወራ ኖሯል፤ ዛሬም እዚሁ መካከላችን ቆሟል።

ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚሁ ጠባያቸው ነው። የአባታቸውን ኮት ገበር ሊያስቀይሩ የመጡትን ወጣት ሴት እያጫወቱ ሲሰፉ፣ የራሳቸውን ክራባት ከገበሩ ጋር አብረው ሰፉትና ቀና ሲሉ ኮቱ አብሯቸው ተነሣ። በኀፍረት ክራባቱን ከአንገታቸው አውልቀው ስፌቱን መፍታት እንደጀመሩ ሌላ ደንበኛ ገባ፤ ኮቱንም ክራባቱ እንደተንጠለጠለበት ጠቅልለው አስረከቡ። በማግስቱ ወጣቷ ክራባቱን ይዘው መጡ፤ «ይሄ የእርስዎ መሰለኝ» አሏቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የረሱትን ሁሉ ሲያቀብሏቸው ኖሩ።

ከጋብቻቸው በኋላ ጋሽ ተመላሽ ከቤት አንድ ጊዜ ብቻ ወጥተው አያውቁም። «ደኅና ዋይ» ብለው ይወጣሉ፤ ገና ጥጉ ጋ ሳይደርሱ ቁልፍ፣ ወይ መቀስ፣ ወይ ሜትር ትዝ ይላቸውና ይመለሳሉ። ባለቤታቸውም በሩን ሳይዘጉ፣ የተረሳውን ይዘው ደፉ ላይ ይጠብቋቸዋል። ይህን ዕለት ዕለት የሚያዩት ጎረቤታቸው ጫማ ሠሪው ናቸው «ጋሽ ተመላሽ» ብለው ስም ያወጡላቸው። እውነቱን ለመናገር ባለቤታቸው ከመጀመሪያዋ ስንብት ይልቅ ሁለተኛዋን ይወዷት ነበር። በመጀመሪያዋ የጋሽ ተመላሽ ልብ ቀድሟቸው ሱቅ ይደርሳል፤ በሁለተኛዋ ግን ቆም ብለው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ብለው ይሄዳሉ።

አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ በፍቅር አሳድገዋል። ሴት ልጃቸውን ትምህርት ቤት፣ የተተኮሰ ሙሉ ልብስ ደግሞ ለደንበኛ ሊያደርሱ ወጥተው፣ ልብሱን ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጥተው ልጃቸውን ይዘው ደንበኛው ቢሮ መድረሳቸውን ልጃቸው እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች። ያን ቀን ግን አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው ሲያጫውቷት እንደዋሉም ትናገራለች።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ታመመ። በዚህ ሰሞን ወደ ሆስፒታል በሄዱበት ማለዳ፣ ሕመሙ አረጋግቷቸው ኖሮ፣ ቁልፋቸውን፣ ስልካቸውን፣ መነጽራቸውን አንድ በአንድ በቦርሳቸው ያዙ፤ ምንም አልረሱም። ባለቤታቸው ይህን ሲያዩ፣ መነጽሩን ከቦርሳው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ልጃቸው «እማዬ፣ የአባባ መነጽር!» ስትላቸው፣ «ተይው፣ ተመልሶ መጥቶ ይወስደዋል» አሏት። ቤቱን ለጫማ ሠሪው አደራ ብለው፣ በሩንም ገርበብ አድርገው ወጡ።

ጋሽ ተመላሽ አልጋ ላይ ጥቂት ቀናት ከቆዩ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸውን ጠጋ እንዲሉ በእጃቸው ጠቀሷቸውና፣ «መነጽሬን ስታወጪው አይቻለሁ» አሏቸው። ዕድሜ ልካቸውን ፊት ለፊታቸው ያለውን የማያዩ የሚመስሉን ሰው ያችን አይተው ኖሯል። ባለቤታቸው «እንግዲያው መመለስህ ነዋ!» አሉ። እርሳቸው ግን «እመለሳለሁ» አላሉም፤ እጃቸውን ይዘው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» አሉ። ባለቤታቸው ይህች ሁለተኛዋ ስንብት መሆኗን ያን ጊዜ አወቁ። ጋሽ ተመላሽም በማግስቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ስም አውጪያቸውን ጫማ ሠሪውን፣ እንዲሁም ኮታችሁ በጅምር የቀረባችሁን ብዙ ደንበኞቻቸውን ትተው ሄደዋል። መነጽሩ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከቀብር ስንመለስ ማንም እንዳያነሣው፣ በሩንም እንዳይዘጋው ባለቤታቸው አደራ ብለዋል። ፈጣሪ የጋሽ ተመላሽን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም ያን በር የሚዘጉበትን ብርታት ይስጥልን።