የአሥራ ሰባት ጎማ

ሞጆ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ረፋድ፤ ጎሚስታው ጋሽ ዘርጋው በሱቁ ደጃፍ በክሪክ ካነሣት ኮሮላ ሥር አጎንብሷል፤ የመኪናዋ ባለቤት አስካለ፣ በእሱ ምስክርነት ጥፋተኛ የተባለው ሹፌር እህት መሆኗን አልነገረችውም።

ዘርጋው፦ አይሆንም ብያለሁ። እነዚያን ጎማዎች ለጠላቴ እንጂ ለደንበኛዬ አልገጥምም።

አስካለ፦ ጋሼ፣ መኪናዋ የኔ፣ ጎማውን የመረጥኩት እኔ። እርስዎን ምን ነካዎት?

ዘርጋው፦ ስሜ ይነካል። ነገ ፈንድቶ ስትገለበጪ "ማን ገጠመልሽ?" ሲሉሽ "ዘርጋው" ልትይ ነው። ያውም አፍ ከተረፈልሽ።

አስካለ፦ ምን ሆኖ ይፈነዳል? ላዩ ላይ ያለው የላስቲክ ፀጉር እንኳ ገና አልረገፈም።

ዘርጋው፦ ፀጉር አይተሽ ነው ጎማ የምትገዢው? ባልሽንም እንዲሁ መርጠሽው እንዳይሆን። ነይ፣ ጎንበስ በይ። እዚህ ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ይታይሻል? አንብቢው።

አስካለ፦ ሠላሳ ሦስት፣ ሃያ አራት።

ዘርጋው፦ የፊተኛው የተሠራበት ሳምንት ነው፤ የኋለኛው ዓመቱ። በሃያ አራት ዓመተ ምሕረት ተሠራ ማለት ነው። ዘንድሮ ስንት ነን?

አስካለ፦ አሥራ ሰባት።

ዘርጋው፦ በይ እንግዲህ። ሊሠራ ገና ሰባት ዓመት የሚቀረው ጎማ እንዴት አድርጎ ሞጆ ገባ? ፎርጅድ ነው። ቁጥር እንኳ አስተካክለው መዋሸት አልቻሉም። ነጋዴው ከሌላ ጋር ቀላቅሎ አስታቀፈኝና እዚያ ጥግ ወርውሬዋለሁ። የማልወደው ሰው ሲመጣ ብቻ ነው የማወጣው።

አስካለ፦ የማይወዱት ሰው ብዙ ነው?

ዘርጋው፦ እንዳያልቅብኝ ቆጥቤ ነው የምጠቀመው። ይልቅ እነዚህን እይ። የአሥራ ስድስት ናቸው፣ የአምና። እጅሽን አሳርፊበት፣ ምንም አይልሽም። ቸርኬውንም እንቀይረው፤ ይሄ የዛገ ብረት መኪናሽን አሮጊት አስመስሏታል። አሉሚኒየሙን ብገጥምልሽ ጎረቤትሽ ታሞ ይተኛል።

አስካለ፦ ቸርኬውን እሺ። ጎማው ግን የሃያ አራቱ ይሁን።

ዘርጋው፦ ጆሮሽ ደህና ነው?

አስካለ፦ ደህና ነው። ቁጥሩን እንዲህ ማንበብ ግን ማን አስተማረዎት?

ዘርጋው፦ ማንም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት። እዚህ መንገድ ዳር ያሉት ጎሚስታዎች በጥፍራቸው ቧጥጠው፣ በአፍንጫቸው አሽትተው ነው የሚሸጡት። እኔ አነባለሁ። ፍርድ ቤት ሳይቀር ጠርቶ አስነብቦኛል።

አስካለ፦ ፍርድ ቤት ጎማ ያስነብባል እንዴ?

ዘርጋው፦ የመኳንንትን ነገር አልሰማሽም? የኮንትራት ሹፌሩን፣ መተሐራን አልፎ ተገልብጦ አንድ አስተማሪ የገደለውን።

አስካለ፦ ሰምቻለሁ። ጎማ ፈነዳብኝ አለ ተብሏል።

ዘርጋው፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ይሄ ግን አልቀናውም፤ ጎማውን የሸጥኩለት እኔ ነኛ። ቁራጩን አምጥተው ዳኛው ፊት ሰጡኝ። አሥራ አራት፣ አሥራ ሰባት ይላል። አሥራ አራተኛው ሳምንት ከመስከረም ስትቆጥሪ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይውላል። እሱ የተገለበጠው የካቲት። "የሁለት ወር ጨቅላ ጎማ ይፈነዳል ወይ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። በፍጥነት ነድቶ ነው አልኩ፤ ተጻፈ። ጥፋተኛ ተባለ፤ ዓርብ ቅጣቱን ይሰማል።

አስካለ፦ ሲነዳ አይተውት ነበር?

ዘርጋው፦ ማየት ምን ያደርጋል? ፊቱ ይናገራል። ለነገሩ ያ ዓይነቱ ልጅ ቢታሰር የሚቀርበት ነገር የለም። እንዲያውም ምሳውን በሰዓቱ ይበላል።

አስካለ፦ እናት አለችው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ዘርጋው፦ እሷንማ ተዪኝ። ከችሎት ስወጣ ኮሪደር ላይ ጠብቃ እግሬ ላይ ተደፋች። "ተሳስቻለሁ በልልኝ፣ አንድ ጊዜ ተመልሰህ ገብተህ ተሳስቻለሁ በልልኝ" ትላለች። እንባዋ ጫማዬን አራሰው። "እናቴ፣ በነካ እጅሽ ግራውንም ጥረጊልኝ" አልኳት። ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ።

አስካለ፦ ጠረገችልዎት?

ዘርጋው፦ በነጠላዋ። እኔ ለቀልድ ነበር፤ እሷ የምር መስሏት ሁለቱንም አብለጨለጨችው። ምን እያየሽ ነው?

አስካለ፦ የሚፈቱትን ብሎን እየቆጠርኩ ነው። ያ የአሥራ ሰባቱ ጎማ አልተረፈዎትም?

ዘርጋው፦ የት ይገኛል? ስምንት ነበር የመጣልኝ። አራቱን ያ የማይረባ ወሰደው፤ አራቱን ለማንም አልሸጥም ብዬ አልጋዬ ሥር ደብቄ ነበር። ትናንት ለልጄ ለረድኤት ገጠምኩላት። እንዳንቺው ኮሮላ ናት ያለቻት። አንቺ ከመምጣትሽ ጥቂት ቀደም ብሎ ወደ ድሬዳዋ ወጣች፣ ባሏ ዘንድ።

አስካለ፦ ብቻዋን?

ዘርጋው፦ ከሕፃኗ ጋር። አራት ዓመቷ ነው፤ ኋላ ተቀምጣ ስትዘፍን ነው የሄደችው።

አስካለ፦ በዚህ ሙቀት?

ዘርጋው፦ ከእሳት የወጣ አዲስ ጎማ አድርጌላት ሙቀት ምን ያደርጋታል? አሁን ወለንጪት ሳትደርስ አትቀርም።

አስካለ፦ ለምን አይደውሉላትም? ደህና መሆኗን ይጠይቋት።

ዘርጋው፦ ስትነዳ ስልክ እንዳታነሣ በሟች እናቷ ስም አስምያታለሁ። አንቺ ስለ ሰው ልጅ አታስቢ፤ ያንቺን ንገሪኝ። የትኛውን ልግጠም?

አስካለ፦ የሃያ አራቱን ብያለሁ ጋሼ።

ዘርጋው፦ እሺ፣ ገደል ግቢ። ግን "ባለሙያው እየነገረኝ በራሴ እልህ ነው ያስገጠምኩት" ብለሽ ጽፈሽ ትፈርሚልኛለሽ።

አስካለ፦ እፈርማለሁ። እርስዎም አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ። ቤት ስገባ መጠየቄ አይቀርም፤ ቁጥሩን የሚያነበው ሰው እንዲህ ብሎ መክሮኝ ነበር ብዬ ላሳይ።

ዘርጋው፦ ይሄ ቁም ነገር ነው። እስክሪብቶ ይኖርሻል? ምን ልበል?

አስካለ፦ ልክ ፍርድ ቤት እንዳሉት። ለመኳንንት የሸጡለት ጎማ ላይ 1417 እንደሚል፤ አሥራ አራቱ ሳምንት፣ አሥራ ሰባቱ ዓመት እንደሆነ።

ዘርጋው፦ ጻፍኩ። ፊደሌ ሸጋ ነው፣ አየሽ? የቄስ ተማሪ ነበርኩ።

አስካለ፦ በማን አቆጣጠር የሚለውን ይጨምሩበት።

ዘርጋው፦ በማን ይሆናል? በኛ ነዋ።

አስካለ፦ ይጻፉታ። "ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ቆጥሬ አዲስ ጎማ ነው ብዬ መስክሬያለሁ" ይበሉ። ማህተምዎንም አይርሱ።

ዘርጋው፦ ይኸው። ክብ ማህተም ነው፣ እንደ ቀበሌ። በፍሬም አሠርተሽ ግድግዳ ላይ ስቀይው። የኔን ደግሞ ፈርሚ።

አስካለ፦ ፈርሜያለሁ።

ዘርጋው፦ ጥሩ። ሦስቱ እግር አለቀ፤ ባላንሱም ተሠርቷል። የዚህኛው ብሎን ብቻ ነው የቀረኝ። ለኑዛዜም ጊዜ አለሽ።

አስካለ፦ ጋሼ፣ ይሄ ጎማ የተሠራው የት ነው?

ዘርጋው፦ ቻይና ይላል።

አስካለ፦ ቻይኖች እንቁጣጣሽ ያከብራሉ?

ዘርጋው፦ ምን ለማለት ነው?

አስካለ፦ እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፈረንጅ ቀን ሳነብ ነው የምውለው። ሰው በየቀኑ ይሳሳታል። "ይሄ ሽሮፕ በሃያ አምስት ያልፍበታል ይላል፤ ገና ስምንት ዓመት አለው አይደል?" ይሉኛል። የለውም። ፋብሪካው የሚጽፈው በፈረንጅ ነው፤ የሚያልፍበት ዘንድሮ ነው እላቸዋለሁ። ጎማም እንደዚያው ነው።

ዘርጋው፦ ሃያ አራቱ?

አስካለ፦ አምና ነሐሴ የተሠራ ነው። ከሱቅዎ ውስጥ አዲስ ጎማ ቢኖር ጥግ የጣሉት ብቻ ነው። የአምና ያሉኝ የአሥራ ስድስቱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ዘርጋው፦ አሥራ ሰባቱስ?

አስካለ፦ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት።

ዘርጋው፦ ሁለት ሺህ… ዘጠኝ።

አስካለ፦ መጋቢት ሁለት ሺህ ዘጠኝ። ከመጋዘን መጋዘን ሲንከባለል ስምንት ዓመት የደረቀ ነው። ላዩ ያብለጨልጫል፤ መተሐራ ላይ አስፋልቱ ሲግል ይተረተራል። መኳንንት በስድሳ ነበር የሚነዳው። ወንድሜ ነው።

ዘርጋው፦ ረድኤት። ወይኔ፣ ረድኤት። ሕፃኗ።

አስካለ፦ ይደውሉላት። ቅድምም ብያለሁ።

ዘርጋው፦ ይጠራል። … ይጠራል፣ አታነሣም። እኔው ነኝ ያስማልኳት። አንቺ፣ እያወቅሽ ነው ተቀምጠሽ ማህተም ስታስመቺኝ የቆየሽው?

አስካለ፦ እያወቅሁ ነው። ቀድሜ ብነግርዎት ለወንድሜ ይህን ወረቀት ይጽፉልኝ ነበር?

ዘርጋው፦ እንዴታ፣ እጽፍ ነበር እንጂ።

አስካለ፦ እውነቱን።

ዘርጋው፦ አልጽፍም ነበር።

አስካለ፦ እኔም የማውቀው ያንን ነው። ሕፃኗ አሳዝናኛለች፤ አልዋሽዎትም። እርስዎ ግን አላሳዘኑኝም።

ዘርጋው፦ ለመንገድ ፖሊስ ልደውል? ያስቁሙልኝ።

አስካለ፦ ይደውሉ። የትናንት ጨቅላ ጎማ ይፈነዳል ወይ ብለው እንዳይጠይቁዎት ብቻ።

ዘርጋው፦ እመቤቴ፣ እዚህ ያለው መኪና የርስዎ ብቻ ነው። ይውሰዱኝ። በኃይል ከነዱት ከመተሐራ በፊት እንደርስባታለን።

አስካለ፦ አሁን "እርስዎ" ሆንኩ። በኃይል መንዳት ያሳስራል፣ ጋሽ ዘርጋው። ደግሞ የኔ መንገድ በዚህኛው በኩል ነው፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ምሳ ሳይወጣ ወረቀቱን ማስገባት አለብኝ። ብሎኑን ያጥብቁልኝ።

ዘርጋው፦ ብሎኑ ይቆይልኝ። እባክዎ፣ በእናትዎ ይዤዎታለሁ፤ ይኸው እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ።

አስካለ፦ ይነሡ። ጫማዬን ዛሬ ጠዋት እናቴ ጠርጋልኛለች።