በር ላይ የተነገረ አይቆጠርም

…እጅጌዬን ይዛ ነበር። ቀኝ እጅጌዬን። አላጨማደደችውም፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ የጨርቅ አያያዝ ታውቃለች። እኔ አንድ እግሬ ደጅ ነው። የድምፅ መቅጃውን ዘግቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ እያሰብኩ ነው፣ እሷ ደግሞ ጠጋ ብላ…

ይቅርታ። ከመሃል ጀመርኩ። ሰሞኑን ነገር ሁሉ ከመሃል ነው የሚመጣብኝ።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ። ስለ ኬኩ አመሰግናለሁ። ስለ ብርድ ልብሱም አመሰግናለሁ። ጡረታ ለምትወጣ ሴት ብርድ ልብስ መስጠት «እንግዲህ ተኚ» ማለት ከሆነ መልእክቱ ደርሶኛል። ወንበሩን ሲደረድሩ ለዋሉት ሠራተኞች ምስጋናዬ ከልብ ነው። ከኋላዬ የተሰቀለው ጨርቅ ግን ለእኔ የተሠራ አይደለም፤ ከነገ ወዲያ ለሚከፈተው ጉባኤ ነው። ግድግዳው አልበቃ ብሎት ግማሹ ታጥፏል። «ፍትሕ፣ ሳይንስና ዴሞክራሲ» የሚለው እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ፣ «የዘመናችን ፈተናዎች» የሚለው ብቻ እኔ ራስ ላይ ቀርቷል።

(ሳቅ)

ሳቁ። እኔም ስገባ ስቄያለሁ።

ጠዋት ልጄ የኮቴን ኮሌታ እያቃናች «እማ፣ አመስግነሽ ተቀመጪ፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ይኸው አመሰገንኩ። መቀመጡ ነው ያቃተኝ።

ድምፄ ከፍ ሲል የምትሰሙት ከእርጅና አይደለም። ተናድጄ ነው። እርጅናም ይኖርበት ይሆናል፣ ግን ብዙው ንዴት ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ መቅጃ አለ። ንግግሬ ለተቋሙ መዝገብ ቤት እንዲቀር ነው ተብሏል። አጠገቡ የተቀመጠችው ጆሮ ናት። ለእንግዶች ልንገር፦ ጆሮ የምንላት የተቀዳውን ቃለ መጠይቅ ሁሉ እየሰማች ወደ ጽሑፍ የምትቀይረው ባልደረባችን ናት። ሰው ሲስቅ በቅንፍ «ሳቅ» ትላለች። ሲተክዝ «ዝምታ» ትላለች። ወንበር ቢንቀሳቀስ፣ ሕፃን ቢያለቅስ አታልፈውም። የመጨረሻው መስመር ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «መቅጃው ተዘጋ።» አንድ ቀን «እትዬ፣ የእርስዎ ሰዎች ለምንድን ነው እንዲህ አጭር አጭር የሚመልሱት?» ብላ ጠየቀችኝ። አንቺ ስትጨርሺ ነው የሚጀምሩት አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

አልቀለድኩም። የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ መቅጃ ተደቅኖ፣ ደህና ነው ይላል። ሁሉም ደህና ነው። ዳኛው ደህና ነው፣ ምርጫው ደህና ነው፣ ሐኪሙ ደህና ነው። ከዚያ አመስግነህ ትነሳለህ። ሸኝቶህ በሩ ጋ ሲደርስ፣ አንተም ልትሄድለት ስትል፣ ያኔ የሆዱን ይናገራል።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ዛሬ «እርስዎ» እልዎታለሁ። መስክ አብረን ስንወጣ «አንተ» ነበርክ። ያስታውሱ እንደሆነ፣ የመጀመሪያ ሥራዎ አንድ ጡረተኛ ዘበኛ ማነጋገር ነበር። ጥያቄዎን ጨርሰው፣ ወረቀትዎን ሰብስበው፣ እንደተባረረ ሰው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ያዝኩዎት።

«ጫማህን እሰር» አልኩ።

«ታስሯል እኮ።»

«ፍታውና እሰረው።»

ጎንበስ ብለው ፈቱት። ሽማግሌውም ከራስዎ በላይ ቆሞ፣ ወደ መንገዱ እያየ፣ ሲጠብቀው በኖረው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ያየውን አወራ። ሰው ጎንበስ ላለ ሰው ይናገራል፤ ፊቱን የሚያይበት የለማ። እርስዎ ቀና ሲሉ ዓይንዎ ቀልቷል። መኪና ውስጥ እንደገባን «ይሄ ሁሉ በር ላይ ነው እንዴ ያለው?» አሉኝ። ያን ቀን፣ ልንገርዎት፣ እኔ ብሄድም ሥራው አይሞትም ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ዛሬ ያደረጉት ጫማ ማሰሪያ የለውም። ስገባ አይቼዋለሁ።

(ሳቅ)

ይሄኛው ለሳቅ አልነበረም።

የፍርድ ቤቱን ጥናት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ደክማችሁበታል። ከአሥር ሰው ስምንቱ በፍርድ ቤቱ አገልግሎት ረክቻለሁ ብሏል ይላል። ልክ ነው፣ ብሏል። የት ሆኖ ነው ያለው? እዚያው ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ፣ የተሰበረች አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ጉዳዩ ገና ሳይታይ፣ ጥበቃው ከጎኑ ቆሞ። ጠያቂዋ አንገቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላለች። እኔ ብሆን ምን እል ነበር? ረክቻለሁ እል ነበር። አሥር ጊዜ ደጋግሜ ረክቻለሁ እል ነበር።

ስለዚህ ወደየቤታቸው ሄድን። ዳግመኛ ጠየቅናቸው፣ ወንበር ላይ ያው ደህና ነው አሉን፣ በር ላይ ሌላ ነገር አሉን። መቅጃው ዝግ ነበር። «ልጻፈው?» ስንል ፈቀዱ። ምዕራፍ ሰባት ያ ነው። ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አንዷ ናት። ወንበር ላይ ሳለች ዳኞቹ ያከብሩናል አለችኝ፣ ሻይ ቀዳችልኝ። በር ላይ እጅጌዬን ያዘች።

«እህቴ፣ ልብስ ስትገዢ ገልብጠሽ ነው የምታይው። ስፌቱ ያለው በውስጥ ነው። እኔም ያልኩሽን ገልብጠሽ እይው።»

ከዚያ ነገረችኝ። ልጇ ታስሯል። በምን እንደተከሰሰ የነገራት የለም። በቀጠሮው ቀን ትሄዳለች፣ መዝገቡ አልመጣም ይሏታል፣ ትመለሳለች። ወደ ሌላ እስር ቤት ሲያዛውሩትም ያወቀችው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለችው የአቤቱታ መስኮት ነው። እዚያ የተቀመጠው ሰው አቤቱታዋን ተቀብሎ፣ ጠይቆላት፣ በሕይወት እንዳለ ነገራት። ከሕንፃው ሁሉ አፍ ያላት ያቺ መስኮት ብቻ ናት። «ጻፊው» አለችኝ፣ «ድምፄን ግን አትያዢው። እዚያ ድምፄን ያውቁታል።»

አሁን የጥናታችንን የመጨረሻ ገጽ ክፈቱ። ተገልጋዩ ስለረካ፣ ቅሬታም እየቀነሰ ስለመጣ፣ የአቤቱታ መስኮቱ እንዲዘጋ ይመከራል ይላል። እኛ ነን የመከርነው። ከነገ ወዲያ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ይሄ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ ለሚወስኑት ሰዎች እናስረክባለን። ሽፋኑ ላይ የእኔ ስም አለ። ረክተዋል ከተባሉት ከስምንቱ አንዷ ያቺ ልብስ ሰፊ ናት።

ምዕራፍ ሰባት የት ገባ? በግምገማው ዕለት ከፍርድ ቤቱ አስተዳደር የመጡት ሰው በር ላይ የተነገረ ሐሜት ነው አሉ። ይሁን፣ እሳቸው እንዲህ ቢሉ አይገርመኝም። የራሳችን የስታቲስቲክስ ሰው ግን ተነስቶ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ ተደግሞ ሊረጋገጥ የማይችል ነገር ሳይንስ አይደለም አለ። ወንድሜ፣ ደግመነዋል። በየበሩ ደግመነዋል። የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በተለያየ ሰፈር፣ ለተለያየ ጠያቂ ያንኑ ነገሩን። አንተም ተነስተህ ሂድና በር ላይ ቁም፤ ይነግሩሃል። ያልሄድክበትን መንገድ የለም አትበል። የፈራ ሰው «ረክቻለሁ» ሲል ቆጥረህ፣ ቁጥሩን ደምረህ፣ ድምሩን የሕዝብ ድምፅ ስትለው ያ ነው ሳይንሱ?

ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። ምዕራፉ ይውጣ የሚል እጅ ያውጣ ተባለ። አወጣችሁ። ከእኔ በቀር ሁላችሁም።

(ዝምታ)

አዎ፣ ስለሱ ነው የማወራው።

ከስብሰባው ስንወጣ ምን ሆነ? እኔ ቦርሳዬን ይዤ በሩ ጋ ስደርስ አንዱ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ ግን ልጆች አሉኝ።» ደረጃው ላይ አንዷ ጠበቀችኝ፤ ሆዴን በላኝ፣ ምን ላድርግ ብላ አለቀሰች። ሌላው መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትሎኝ መጣና ግራ ቀኙን አይቶ፣ እነዚህ ሰዎች አገር አጠፉ አለኝ። ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ። አልናገርም። በር ላይ የነገረኝን ሰው ስም ያለ ፈቃዱ ጠርቼ አላውቅም።

ግን አስቡት። የፍትሕ ተመራማሪዎች፣ የዴሞክራሲ ተመራማሪዎች፣ ወንበር ላይ እጅ አውጥተው በር ላይ ያንሾካሹካሉ። እኛን ማን ያጥናን? አጥኚው መጥቶ እዚህ አዳራሽ ቢጠይቃችሁ ስንቶቻችሁ ረክታችኋል? በራሳችሁ ደንብ ከሄድን እኮ እኔን ያላችሁኝ ሁሉ አይቆጠርም። አላላችሁትም። ያለቀሰችውም አላለቀሰችም።

እኔ አሁን አሁን የራሴ ቤት በር ላይ ቆሜ እቀራለሁ። ገብቼም ወጥቼም አይደለም። የሆነ ሰው አንድ ነገር ሊለኝ ነው ብዬ እጠብቃለሁ መሰለኝ። ልጄ ከውስጥ «እማ፣ ወይ ግቢ ወይ ውጪ፣ ብርድ አስገባሽ» ትላለች።

ለዳይሬክተሩ ሁለት ነገር ብያለሁ። ወይ ምዕራፉ ይመለስ፣ ወይ ስሜ ከሽፋኑ ይውጣ። ከሽኝቱ በኋላ እንነጋገራለን አሉኝ። ከሽኝቱ በኋላ እኔ ማን ነኝ? ቁልፍ የሌላት እንግዳ። ዘበኛው ማንን ፈልገው ነው ይለኛል። ስለዚህ ሽኝቱ ላይ ልነጋገር ብዬ ነው። ስሜ ቢወጣ እኔ እገላገላለሁ፣ መስኮቱ ግን ይዘጋል። ይሄን ሌሊቱን… ተዉት። የምፈልገው ምዕራፉን ነው። ለመመለስ ከእናንተ ውስጥ ወንበር ላይ ሆኖ የሚናገር አንድ ሰው ይበቃል። ደንቡ ራሱ እንደዚያ ይላል፤ አንድ አባል ከጠየቀ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። እኔ ከዛሬ ጀምሮ አባል አይደለሁም።

ልጨርስ።

ወንበር ላይ የምትሉትና በር ላይ የምትሉት አንድ የሚሆንበትን ቀን ያሳያችሁ። ልጆቻችሁ ሲጠየቁ ከጎናቸው ዘበኛ አይቁም። የጠፋባችሁን የምትጠይቁበት መስኮት አያሳጣችሁ። ለልብስ ሰፊዋ ልጇን በደጇ ያምጣላት። ተናድጄባችሁ እንጂ ጠልቻችሁ አይደለም፤ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ ከዕድሜው ጋር ደግሞ ድፍረት ይጨምርላችሁ። ብርድ ልብሱን እወስደዋለሁ። ልጄ ብርድ አትችልም።

ጆሮዬ፣ መቅጃውን አትዝጊው። ዛሬ እስከ በሩ ድረስ ይስማ።

ይኸው ወረድኩ። ማንም አይሸኘኝ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። እዚህ በሩ ጋ ትንሽ ጎንበስ እላለሁ፤ ጫማዬ ሳይፈታ አይቀርም። ፊታችሁን አላይም። ቀስ ብዬ ነው የማስረው።

(ዝምታ)

(ሳል)

(ዝምታ)

(ወንበር ተንቀሳቀሰ)

(በር ተዘጋ)