ሐጂ የተደገፉት ላሜራ

በዚያ የረሃብ ዘመን ከድንበር ወደ ሱዳኑ የሾዋክ መጠለያ ስደተኛ የማመላልስበት ሎሪ ተጋጭቶ የጭነት ሳጥኑ፣ የካሶኒው፣ ጎን ገባብኝ። ገዳሪፍ ላይ አንዱ ላሜራ ቀጥቃጭ «የገባውን ስቱኮ ለጥፌ ሞልቼ፣ ቀለም ቀብቼ ለማታ አደርስልሃለሁ» አለኝ፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። እስቲ ሌላም ልጠይቅ ብዬ ሐጂ የሚባሉ የጎንደር ሰው፣ ሌላ ላሜራ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ግን ዋጋ ከመናገራቸው በፊት «ምን ትጭንበታለህ?» አሉኝ።

«መቆም ያቃተው ሰው» አልኳቸው። ካሶኒው ላይ ወጡና ወለሉ ላይ ተቀምጠው የተጎዳውን ጎን በጀርባቸው ተደገፉት። ላሜራው ወደ ውጭ ተገፋ። «ጤነኛ ሰው በእጁ ይይዛል፤ የደከመ ግን ጀርባውን ነው የሚጥለው። የዛገውን ቆርጬ አዲስ እበይዳለሁ። ሁለት ቀን ስጠኝ» አሉኝ። ዋጋቸው የዚያኛው እጥፍ ነበር። «ሁለት ቀን ሙሉ ሰዎቹ ሜዳ ላይ ናቸው እኮ» ብዬ ተቆጣሁ። «አውቃለሁ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ሰጠኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ድንበር ስደርስ ትቻቸው ከሄድኳቸው ሰዎች የጎደሉ ነበሩ፤ የት ሄዱ ብዬ አልጠየቅኩም። የቀሩትን ጭኜ ሾዋክ ስገባ ሁሉም ሲወርድ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ አዲሱን ላሜራ እንደተደገፈች ቀረች። ሞታለች ብዬ ካሶኒው ላይ ወጣሁ። ጠጋ ስል ዓይኗን ገለጠች።

«ደርሰናል፣ እህቴ» አልኳት።

«ትንሽ ልደገፍ፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅኳት።