የከቢር መጽሐፍና የኔ የስፌት መኪና

በኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ሦስት ሰው አንድ ቤት ገብቶ በሩ ከተዘጋ ሰፈሩ ጆሮውን ያቆም ነበር። ለቅሶ ከሆነ ይታወቃል፣ ድንኳን አለው። ሠርግ ከሆነ ይታወቃል፣ ዘፈን አለው። ዝም ብሎ መሰብሰብ ግን የለም፤ ዝም ብሎ የተሰበሰበ ሰው መንግሥት ሊገለብጥ ነው የሚባለው። እናንተ አሁን ካፌ ውስጥ አሥር ሆናችሁ ስትስቁ ሳይ እኔ እስካሁን ዞር ዞር ብዬ አያለሁ። ሳቅ፣ ሳቅ፣ አንተ ምን ታውቃለህ።

ታዲያ እኛ ወሎ ሰፈር ነበርን፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሹፌር ነው፤ እኔ ደግሞ እቤቴ ልብስ እሰፋለሁ። ከአክሱም ይዤው የመጣሁት ሙያ አይደለም፣ እዚሁ ነው የተማርኩት። የጭነት ሠራተኞቹ ቱታቸው ሲቀደድ ወደኔ ነው፣ ሱሪ ማሳጠር ወደኔ ነው። መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ነው፣ ድምፁ ወፍጮ ነው የሚያክለው። "የለታይ መኪና ካልተነሳ አልነጋም" ይሉኝ ነበር ጎረቤቶቼ።

ከጓሮው አጥር ወዲያ ከቢር አሉ። እኛ መጀመሪያ ስማቸው መስሎን ነበር፣ ለካ ሐረሮች የሃይማኖት አስተማሪያቸውን የሚጠሩበት ማዕረግ ነው። የሶማሌው ጦርነት ወደ ሐረር ሲጠጋ ጊዜ ነው ወንድማቸው ቤት የመጡት። እና ሰው ሲሸሽ ወርቁን ይይዛል፣ ልብሱን ይይዛል፤ እሳቸው አንድ መጽሐፍ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንዲህ፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ አቅፈው ነው ከመኪና የወረዱት። የእጅ ጽሑፍ ነው። እዚያው ሐረር የተጻፈ፣ እዚያው በቆዳ የተደጎሰ።

ደግ ሰው ነበሩ። ሲናገሩ አይቸኩሉም። "አየሽ ለታይ" ይሉኛል ባጥሩ ቀዳዳ፣ "አየሽ ለታይ፣ የኛ ከተማ አሚር ነበራት። የራሷ ገንዘብ ነበራት። ሲመሽ የግንቡ በሮች ይዘጋሉ፣ ቁልፉ አሚሩ ዘንድ ያድራል። እንግዳ ሲመጣ ጦሩን በር ላይ አስቀምጦ ነው የሚገባው። መጽሐፍ የያዘ እንግዳ ከሆነ ግን ማደሪያ ይፈለግለታል። ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሊያስተምርም ሊማርም ይመጣ ነበር።"

"አሚሮቹስ አሁን የት አሉ?" እላለሁ እኔ፣ ነገር መቆስቆስ እወዳለሁ።

"አለፉ። ደጉም ክፉውም አለፈ። አሚር ሲሄድ ግንቡ ቀረ፣ ግንቡም ሲፈርስ ትምህርቱ ቀረ። እሱን ነው ይዤ የመጣሁት።"

ታዲያ አሁን የምነግርህን ልብ በል፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። እነሱ ዘንድ ሰው ብቻውን ያነበበው መጽሐፍ እንደተማረው አይቆጠርለትም። ተማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ አስተማሪው እያንዳንዷን ቃል ይሰማል፣ ያርማል፣ ያስረዳል። ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው። ሲያልቅ "ሰምቼሃለሁ፣ አስተምር" ይለዋል። ከቢርን የሰሟቸው አስተማሪያቸው ናቸው፣ እሳቸውንም የሳቸው አስተማሪ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ መጽሐፉን እስከ ጻፉት ሰውዬ ድረስ ይሄዳል። እና ያንን መጽሐፍ እንዲህ አድርጎ የተማረ ሰው በሕይወት የቀረው ከቢር ብቻ ነበሩ። እሳቸው ቢሞቱ መጽሐፉ አለ፣ ሰንሰለቱ ግን ተበጠሰ።

አንድ ተማሪ ነበራቸው፣ ኢድሪስ የሚባል፣ የሐረር ልጅ፣ ጭነት ክፍል የሚሠራ። ጨዋ። መጽሐፉን እኩሌታ አድርሶላቸው ነበር። ታዲያ ያኔ ነው ቀበሌ መጥቶ ከቢር ያሉበትን የወንድማቸውን ቤት የፊቱን ክፍል የወሰደው። ምን ሊያደርገው? የውይይት ክበብ። ከግድግዳው ወዲያ "የዓለም ላብ አደሮች" እያሉ ይጮኻሉ፤ ከግድግዳው ወዲህ አረብኛ እንዴት ተደርጎ ይነበባል? ጊዜው ደግሞ የሰርጎ ገብ ጊዜ ነው፤ የምሥራቅ ሰው፣ አረብኛ መጽሐፍ፣ የተዘጋ በር፣ በቃ። ንባቡ ቆመ። መስጊድ እንዳይሄዱ እግራቸው እምቢ ብሏል፣ ደረታቸውም ያፍናቸዋል። በዚህ ላይ ኢድሪስ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ከፋሲካ በኋላ ይሄዳል ተባለ።

አንድ ቀን ከቢር በአጥሩ ጠሩኝ። "ለታይ፣ የጥንት ሰዎቻችን ከመካ ተሰደው ሲመጡ ያስጠጋቸው የናንተ ንጉሥ ነው" አሉኝ።

"እሱማ ነው" አልኩ ኮራ ብዬ።

"እሱ አገር ሰጠን። አንቺን የምለምንሽ ግን አንድ ክፍል ነው፣ ለእሑድ ከሰዓት።"

ምን ትላለህ? እምቢ ትላለህ? ባለቤቴ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። "አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ከሥራ አስባርረሽ፣ ራስሽን አሳስረሽ፣ ልጆቹን ማን ሊያሳድግልሽ ነው?" አለ። እውነቱን ነው፣ ፈሪ ስለሆነ አይደለም። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ሽማግሌው እንዲህ በአጥር ቀዳዳ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ አንጀቴን በሉት። "ደንበኛ ነው የሚገባው" አልኩት። "ቱታ የተቀደደበት ደንበኛ።" እሱም እሑድ እሑድ ከሰዓት ዘመድ መጠየቅ ጀመረ።

እና ኢድሪስ በፊት በር ቱታውን አንጠልጥሎ ይገባል፣ ከቢር በጓሮ አንዱን ቆርቆሮ ገፋ አድርገን ይሻገራሉ። መጽሐፉ መሬት አይነካም አሉኝ፣ አዲስ አቡጀዲ አጥፌ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ አነጠፍኩለት። የማርያም ሥዕል ግድግዳው ላይ አለች። "ላውርዳት ወይ?" ብላቸው "የቤትሽን አትንኪ፣ እንግዳው እኔ ነኝ" አሉ።

የመጀመሪያው እሑድ ታዲያ ኢድሪስ ማንበብ ሲጀምር እኔ መኪናዬን አስነሳሁት። ድምፅ እንዲሸፍን ነው። ረገጥኩት፣ ረገጥኩት፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። በልቤ ራሴን አደንቃለሁ። ከቢር እጃቸውን አነሱ።

"ለታይ፣ አልሰማሁትም።"

"እንዳይሰማ ብዬ አይደል እንዴ የምረግጠው።"

"ውጪ ያለው ነው እንዳይሰማ። እኔ ካልሰማሁትማ ምኑን አነበበው? ኢድሪስ፣ ከምዕራፉ መጀመሪያ።"

"ከቢር፣ እሱን ምዕራፍ እኮ ልጨርሰው ነበር" አለ ኢድሪስ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

"አልተሰማም፣ አልተነበበም። ከመጀመሪያው።"

እኔ ጉድ አልኩ። ልጁ ሊዘምት ነው፣ ሽማግሌው ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ደጅ ቀበሌ አለ፣ እሳቸው ከመጀመሪያው ይላሉ። አንዲት ቃል አያሳልፉም ነበር። ታዲያ ዘዴ ፈጠርኩ። መኪናዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁና ጆሮዬን ለመንገዱ ሰጠሁ። ኮቴ ስሰማ እረግጣለሁ፤ እኔ ስረግጥ ኢድሪስ ዝም ይላል፤ ኮቴው ሲያልፍ አቆማለሁ፣ እሱ ይቀጥላል። መንገደኛ የሚሰማው መኪና ብቻ ነው። ሁዳዴውን በሙሉ እንዲህ ከረምን። አረብኛ አላውቅም፣ ግን ኢድሪስ ሲሳሳት እኔም ማወቅ ጀምሬ ነበር። ዜማው ይሰበራል። ከቢር ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ቀና እላለሁ፣ እሳቸው በጺማቸው ውስጥ ይስቃሉ።

የመጨረሻው እሑድ መጣ። ኢድሪስ በማግሥቱ ይሄዳል። የቀረው ጥቂት ቅጠል ነው። ከቢር በዚያ ቀን ታመው ነበር፣ ትራስ ደግፌ ነው ያስቀመጥኳቸው። ሲነበብ፣ ሲነበብ፣ ኮቴ ሰማሁ። ረገጥኩ። ኢድሪስ ዝም አለ። ኮቴው ግን አላለፈም። በሩ ተከፈተ።

ጓድ ግርማ ነው። የውይይት ክበቡ ኃላፊ፣ የዚያው ሰፈር ልጅ፣ ካኪ ኮቱን በክንዱ ይዞ፤ ለካ እጅጌ ሊያሳጥር ነው የመጣው። እኔ በድንጋጤ እግሬ አልቆመም፣ እረግጣለሁ። እሱ እኔን ያያል፣ መጽሐፉን ያያል፣ ሽማግሌውን ያያል፣ ተመልሶ እኔን ያያል።

"እትዬ ለታይ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ምን እየሰፉ ነው?"

ጎንበስ ብዬ ሳይ ጨርቅ የለም። ክርም የለም። መርፌው ባዶውን ይወጣል ይወርዳል።

"ደንበኞቼ ናቸው" አልኩ።

"አባባም ቱታ ሊያሳጥሩ ነው?"

ከቢር ሳል ይዟቸው ቆዩና፣ "ልጄ፣ እሷን አታስጨንቃት" አሉ። "ይህ ልጅ ነገ ይዘምታል። ከመሄዱ በፊት ይህን መጽሐፍ ሊያሰማኝ ነው። ይመለስ አይመለስ፣ እኔም ልቆየው አልቆየው አላህ ያውቃል።"

"ስለ ምንድነው?"

"ስለ ፍርድ። አሁን የደረስንበት፣ ዳኛ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፍረድ የሚለው ላይ ነው። ከተማችን አሚር በነበራት ጊዜ ይህን ያልተማረ ዳኛ አይሆንም ነበር።"

ግርማ ፈቃድ ጠይቃችኋል ወይ አለ፤ አልጠየቅንም አልነው። ያለ ቀበሌ ተወካይ ስብሰባ ክልክል መሆኑን ታውቃላችሁ ወይ አለ፤ እናውቃለን አልነው። ዞረና ደጁን አየ፣ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። እኔ ልጆቼን እያሰብኩ ነው። በቃ ሊጠራ ነው፣ ሰው ሊጠራ ነው እላለሁ። ከዚያ በሩን ዘጋው። ከውስጥ ነው የዘጋው።

"የቀበሌ ተወካይ እኔ ነኝ" አለ። "እንግዲህ ተወካይ አለ ማለት ነው።" የጨርቅ ጥቅሌ ላይ ቁጭ አለና ኮቱን ጭኑ ላይ አደረገ። "ቀጥል" አለው ኢድሪስን። ድምፁ የቁጣ ነው፣ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነበር፤ እሱም እኮ አለቃ አለው፣ እሱም ይፈራል።

ኢድሪስ አነበበ። እኔ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜም አልረገጥኩም። የመጨረሻው ቅጠል ሲያልቅ ከቢር ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፣ እንባቸው ወርዷል። "ሰማችሁ?" አሉ፣ ወጉ ነው። "ሰማን" አልን። ግርማም "ሰማን" አለ፤ የስብሰባ ልማድ ሆኖበት ግራ እጁን ጨብጦ ሊያነሳ እኩል ላይ መለሰው።

"ኢድሪስ፣ ሰምቼሃለሁ። አስተምር" አሉት። ልጁ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። ቀጠሉና፣ "ሲነበብ የነበሩ ሰሚዎች" አሉ፣ "ልብስ ሰፊዋ ለታይ፣ ከእኩሌታው ጀምሮ። ግርማ፣ የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች።"

"ከቢር፣ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ" አልኩ።

"አመንሽ አላልኩም። ሰማሽ ነው ያልኩት።"

"እኔንስ ይተዉኝ አባባ" አለ ግርማ፣ "ስሜን የትም አያንሱ።"

"ምን ላድርግህ? ሰምተሃል። የሰማ ሰው አልሰማም ማለት አይችልም።"

ኢድሪስ በማግሥቱ ሄደ። ከቢር ክረምቱ ሳይገባ አረፉ፤ እንደ አባቴ ነው ያለቀስኳቸው። መጽሐፉን ለኔ ነበር የሰጡኝ፣ ልጁ ቢመለስ ብለው። ከቁም ሣጥኔ ላይ፣ ከሁሉ ከፍ ያለው ቦታ፣ በዚያው አቡጀዲ ጠቅልዬ አኖርኩት። ባለቤቴ አንድም ቀን አውርጂው አላለኝም። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ አንድ ከሲታ ሰውዬ እያነከሰ በሬ ላይ ቆመ። አላወቅኩትም። "እትዬ፣ ቱታ የሚያስጠግን ነበር" አለኝ። እዚያው ጮኼ አቀፍኩት።

ኢድሪስ ዛሬ ሐረር ያስተምራል። ባለፈው ልጄ ወስዳኝ ሄጄ ነበር፤ ጫማዬን አውልቄ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ናቸው። መጽሐፉን ሳይከፍት በፊት ከማን እንደ ሰማ፣ ሲነበብም እነማን ተቀምጠው እንደ ሰሙ ይናገራል፣ ወጉ ነው። በአረብኛ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ እኔ ምንም አይገባኝም፤ ከመሃል "አዲስ አበባ" አለ፣ ከዚያ "ለታይ" አለ፣ ከዚያ "ግርማ" አለ። ስንት ሊቅ ከተጠራ በኋላ፣ እኔ የሱሪ አሳጣሪዋ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ስመለስ ግርማ ጋ ደወልኩ። መገናኛ ሱቅ አለው፣ አርጅቷል፣ ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላ ታስሮም ነበር፣ የሰፈር ሰው ነው መስክሮለት የወጣው። "ግርማ" አልኩት፣ "ስምህ ሐረር እየተጠራ ነው።"

"እትዬ ለታይ" አለኝ፣ "በምን ተከስሼ ነው?"

ሳቄ አላናግር አለኝ። "ሰምተሃል ተብለህ ነው፣ ልጄ።"

"እሱንማ" አለ፣ "እሱንማ አልክድም።"